ሳይቀመስ የሚሠራ የገና ጣፋጭ፤ የለውዝ ቅቤ በማይክሮዌቭ ምድጃ

በገና ዋዜማ ምሽት በየጓዳው የሚታየው ታላቅ ሙያ ሳይቀምሱ ማጣፈጥ ነው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ውሎ፣ በርበሬው ገብቶ፣ ንጥር ቅቤው ተጨምሮ፣ የዶሮው ብልት ወደ ድስቱ ሲወርድ የቤቱ እመቤት ማንኪያዋን ወደ አፏ አታስጠጋም፤ ጾሙ ገና አልተፈታምና። የጨውን ማነስና መብዛት በዓይኗ ትገምታለች፤ የቅመሙን ልክ በእንፋሎቱ ሽታ ታውቃለች። ቢጨንቃት ደግሞ ለመጾም ዕድሜው ያልደረሰውን ሕፃን ጠርታ ታስልሰዋለች። ከቅዳሴ መልስ ወጡ ሲቀርብ ግን ልኩን ስቶ የሚገኝበት ቤት ጥቂት ነው።

ይህ ሙያ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈው በብዙ ዓመት ልምድ ነው። ለአዲስ ነገር ግን ልምድ የለም። ዶሮ ወጥን ሳትቀምስ የምታጣፍጥ እናት ከዚህ ቀደም ሠርታው የማታውቀውን ጣፋጭ በዋዜማው ምሽት ሳትቀምስ ሥሪ ብትባል ግራ ይገባታል። የዛሬው ጽሑፋችን መነሻም ይኸው ነው። ለውድ አንባብያን የምናቀርበው ከለውዝ ቅቤ፣ ከገበታ ቅቤና ከስኳር በማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራውን፣ በባሕር ማዶ «ፈጅ» እየተባለ የሚጠራውን ጣፋጭ ነው። የገበታ ቅቤ ስላለበት የጾም ምግብ አይደለም፤ መርጋት ስላለበት ደግሞ በዋዜማው ተሠርቶ ማደር ይኖርበታል። ስለዚህ ልኩ የሚያዘው በምላስ ሳይሆን በሚዛን፣ በሰዓትና በዓይን ነው። ለጾም የሚሆነውንም አሠራር ወደ መጨረሻው ላይ እናነሣለን።

ጣፋጩ ከየት መጣ?

«ፈጅ» የአሜሪካውያን ጣፋጭ ነው። ስለ ጥንተ ታሪኩ ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው በቫሳር ኮሌጅ ተማሪ የነበረችው ኤመሊን ባተርስቢ ሃርትሪጅ የጻፈችው ደብዳቤ ነው። በደብዳቤዋ እንደ ገለጸችው እ.ኤ.አ. በ1886 በባልቲሞር ከተማ የአንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ዘመድ ይህን ጣፋጭ ትሠራ ነበር፤ አንዱ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ያህሉ፣ በ40 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ሃርትሪጅ አሠራሩን ጠይቃ አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1888ም በኮሌጇ ለተዘጋጀ ጨረታ 30 ፓውንድ ያህል ሠርታ አቀረበች። ከዚያ በኋላ ጣፋጩ ወደ ሌሎቹ የሴቶች ኮሌጆች ተዛመተ፤ ውሎ አድሮም በአሜሪካ ቤቶች የገና ሰሞን ስጦታ ሆነ።

በጥንቱ አሠራር ስኳር፣ ወተትና ቅቤ በአንድነት ይፈላሉ። የሽሮፑ ሙቀት 114 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ከእሳት ይወርዳል፤ ሳይነካ በርዶ ለብ እስኪል ይጠበቃል፤ ከዚያም ክንድ እስኪዝል ድረስ በእንጨት ማንኪያ ይመታል። ሙቀቱ ጥቂት ካነሰ አይረጋም፤ ጥቂት ካለፈ ደግሞ ይጠጥራል። ለእኛ አገር ባለሙያ ሌላም ችግር ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላባት በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለሆነም በባሕር ጠረፍ የሚኖር ሰው የጻፈው የጣፋጭ መጽሐፍ 114 ዲግሪ ሲል በአዲስ አበባ 106 ዲግሪ ያህል ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ በመጽሐፉ ልክ ያፈላ ሰው ጣፋጩ ለምን እንደ ጠጠረበት ሳይገባው ይቀራል።

የማይክሮዌቩ አሠራር ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይገላግላል። ስኳሩ አይፈላም። አስቀድሞ እንደ ዱቄት የደቀቀ በመሆኑ ከቀለጠው ቅቤ ጋር ተዋሕዶ ሲበርድ ይረጋል። በደጋም ሆነ በቆላ ልኩ አንድ ነው፤ በሞቃት አገር ግን ቶሎ ስለሚላላ ማቀዝቀዣ የግድ ያስፈልጋል።

ስሙ ቅቤ፣ ነገሩ ለውዝ

ከምናውቃቸው እናቶች አንዷ በጾም ወራት የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ቢቀርብላቸው ሳህኑን ገፋ አድርገው «ልጄ፣ ቅቤ ነው እያልሽኝ እንዴት አድርጌ እበላዋለሁ?» ማለታቸውን እናስታውሳለን። ልጃቸው ከለውዝ በቀር ሌላ ነገር እንደሌለበት ለማስረዳት ጥቂት ደከመች። እናቲቱ መጠንቀቃቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ነገሩ ግን ልጃቸው እንዳለችው ነው። የለውዝ ቅቤ ማለት የታመሰ ለውዝ የራሱ ዘይት እስኪወጣው ድረስ የተፈጨ ማለት ነው። ቅቤ የሚያሰኘው መልኩና ልስላሴው ብቻ ነው። ከሱቅ በሚገዛው ላይ ስኳር፣ ጨውና ሌላ የአትክልት ስብ ስለሚጨመርበት ለጾም የሚፈልገው ሰው የማሸጊያውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባዋል።

በአንዳንዱ ዘንድ ለውዝ፣ በሌላው ዘንድ ኦቾሎኒ የሚባለው ይህ ፍሬ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ግን በምሥራቅ ሐረርጌ ታላቅ ስፍራ ይዟል፤ የባቢሌ ለውዝ ስሙ በየገበያው የታወቀ ነው። እንደ ቅቤ አላልሞ የመፍጨቱን ነገር በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1884 የሞንትሪያሉ ማርሴለስ ጊልሞር ኤድሰን የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1895 ደግሞ ሥጋ የሌለበትን አመጋገብ ያስፋፋ የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሃርቪ ኬሎግ ስለ አሠራሩ የራሱን ማመልከቻ አስገብቷል። ሥጋ ለማይበላ ሰው ብርታት የሚሰጥ ምግብ ተብሎ የታሰበው የለውዝ ቅቤ እንግዲህ ለጾመኛ ቤት ባዕድ አይደለም።

በቤት ውስጥ ማዘጋጀት ለሚፈልጉ 300 ግራም ያህል ጥሬ ለውዝ ይበቃል። በብረት ምጣድ በለስላሳ እሳት እያገላበጡ ማመስ፣ ሲበርድ በእጅ አሽቶ ገለባውን በሰፌድ ማንፈስ፣ ከዚያም በመፍጫ መፍጨት ነው። በመጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፤ ቀጥሎ እንደ ሊጥ ይያያዛል፤ መፍጫውን እያሳረፉ ጥቂት ቢታገሡ ዘይቱ ወጥቶ ይልማል። ውኃ ፈጽሞ መጨመር አይገባም።

ከሁሉ በፊት መልቀም

በዚህ ጣፋጭ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በምድጃው ላይ ሳይሆን በሰፌዱ ላይ ነው። ለውዝ በእርጥበት ከተቀመጠ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ከሻጋታ ዓይነቶች አንዳንዶቹም አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያፈራሉ። ይህ መርዝ በሳይንስ ዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የተርኪ ዶሮዎች ባልታወቀ በሽታ ካለቁ በኋላ ነው። ምክንያቱ ሲመረመር ዶሮዎቹ የተመገቡት የለውዝ ፋጉሎ የሻጋታ መርዝ ያለበት ሆኖ ተገኘ። መርዙ ጉበትን እንደሚጎዳና ለጉበት ካንሰር እንደሚያጋልጥ ዛሬ በሚገባ ተረጋግጧል። ከሁሉ የሚያሳስበው ለውዙን በማመስ መርዙ ሙሉ በሙሉ አለመጥፋቱ ነው።

ስለዚህ ለውዙ ከመታመሱ በፊት በብርሃን ቦታ በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ አንድ በአንድ መለቀም አለበት። የጨቀየ፣ የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ወይም ነጭ ብናኝ ያለበት፣ ነቀዝ የበላው ሁሉ ይጣል። ሲገዛም የተፈጨውን ሳይሆን ፍሬውን አይቶ መግዛት ይሻላል። ከታመሰ በኋላ የመረረ ፍሬ ያጋጠመው ሰው «ስኳሩ ይሸፍነዋል» ብሎ ማለፍ የለበትም። ስኳርና ቫኒላ ምላስን ያታልላሉ እንጂ መርዝን አያነጹም። ደግነቱ ለውዝ የጾም ምግብ በመሆኑ ከቀናት በፊት አዘጋጅቶ፣ የጾሙ ሰዓት ካለፈ በኋላ መቅመስ ይቻላል። የማይቀመሰው የገበታ ቅቤው ከገባበት በኋላ ያለው ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የለውዝ ቅቤ፦ 250 ግራም
ጨው የሌለበት የገበታ ቅቤ፦ 225 ግራም
የዱቄት ስኳር (በየሱቁ «አይሲንግ ሹገር» የሚባለው)፦ 450 ግራም
ቫኒላ፦ 1 የሻይ ማንኪያ
ጨው፦ በሁለት ጣት ቁንጥር

ሚዛን የሌለው ቤት ማሸጊያውን መመልከት ይችላል። ከ250 ግራም የቅቤ ጥቅል አንድ አሥረኛውን ቆርጦ ማስቀረት፣ ከ500 ግራም የስኳር ጥቅል ደግሞ ስድስት ያልተቆለለ የሾርባ ማንኪያ መቀነስ ወደ ልኩ ያደርሳል። ለወጥ የተነጠረው ቅቤ የኮረሪማና የኮሰረት ሽታ ስላለው ለዚህ አይሆንም። ተራውን ስኳርም በዱቄት ስኳር ፈንታ መጠቀም አይገባም። እኛ መጀመሪያ ስንሞክር ይህን ስሕተት ፈጽመናል። በማግሥቱ ጣፋጩ መልኩ ያማረ ሆኖ ሳለ ሲታኘክ አሸዋ እንደ ገባበት ዳቦ ይንኮሻኮሽ ነበር። የዱቄት ስኳር ከጠፋ ተራውን ስኳር በደረቅ መፍጫ አድቅቆ በጥሩ ወንፊት መንፋት ይቻላል።

አሠራሩ

በመጀመሪያ ጎንና ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትሪ ይዘጋጅና የመጋገሪያ ወረቀት ይነጠፍበት። የወረቀቱ ጫፍ ከትሪው ጠርዝ ከፍ ቢል በኋላ ለማውጣት ይመቻል። ስኳሩም አስቀድሞ በወንፊት ይነፋ።

ቀጥሎ የገበታ ቅቤው ተቆራርጦ ከለውዝ ቅቤው ጋር በትልቅ የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይጨመር፤ በላዩም እንፋሎት በሚያሳልፍ ነገር ይከደን። ማይክሮዌቩ በከፍተኛ ኃይል ለ2 ደቂቃ ይሥራ። ሳህኑ ወጥቶ በእንጨት ማንኪያ በሚገባ ይማሰልና እንደገና ለ2 ደቂቃ ይግባ። በመካከሉ ማማሰል ያስፈለገበት ምክንያት የማይክሮዌቭ ሙቀት በሁሉም በኩል እኩል ስለማይደርስ ነው።

ከወጣ በኋላ ቫኒላውና ጨው ይጨመራሉ፤ ስኳሩም በሦስት ጊዜ ተከፍሎ እየተማሰለ ይገባል። እዚህ ላይ ነው ዓይን የምላስን ሥራ የሚሠራው። በመጀመሪያ ውሁዱ እንደ ዘይት ያብለጨልጫል። ስኳሩ ሲያልቅ ብልጭታው ይጠፋል፤ ማንኪያው ይከብዳል፤ ሊጡም ከሳህኑ ጎን እየለቀቀ ይመጣል። እነዚህ ሦስት ምልክቶች ከታዩ ጣፋጩ ልኩን ይዟል ማለት ነው። ዘይት በላዩ ቢንሳፈፍ አንድ ሁለት ማንኪያ የዱቄት ስኳር ጨምሮ ማሸት ነው። ፈርፈር ካለ ደግሞ አንድ ማንኪያ ቅቤ ጨምሮ ለ15 ሰከንድ ያህል ማሞቅ ያስተካክለዋል።

ሊጡ ሳይበርድ ወደ ትሪው ይገለበጥና በማንኪያ ጀርባ ተዳምጦ ይስተካከል፤ ሌላ ወረቀት በላዩ ተደርጎም ቢያንስ ለ2 ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ በማቀዝቀዣ ይቆይ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ሳይረጋ የሚቆርጥ ሰው የሚያገኘው ፍርፋሪ ነው። ሲረጋ በሙቅ ውኃ ተነክሮ በተወለወለ ቢላዋ በርዝመቱም በወርዱም ስምንት ስምንት ቦታ ቢቆረጥ 64 ቁራጭ ይወጣዋል። በክዳን ዕቃ ውስጥ በማቀዝቀዣ ከተቀመጠ ለአንድ ሳምንት ይቆያል።

ስለ ምድጃው ጥቂት

ማይክሮዌቭ ከራዳር ሥራ ጋር የተወለደ መሣሪያ ነው። በአሜሪካው የሬይቴዎን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፐርሲ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1945 በራዳር መሣሪያ አጠገብ ቆሞ ሳለ በኪሱ የያዘው ጣፋጭ ቀልጦ በማግኘቱ ሐሳቡ እንደ መጣለት ይተረካል። እ.ኤ.አ. በ1947 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ምድጃ ከሰው ቁመት የማይተናነስ ነበር፤ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው በስፋት የተሸጠው እ.ኤ.አ. ከ1967 ወዲህ ነው።

ከላይ የሰጠነው ሰዓት 1100 ዋት ኃይል ላለው ምድጃ ነው። በበርካታ ቤቶች ያለው ግን 700 ወይም 800 ዋት ነው፤ ኃይሉ በበሩ ወይም በጀርባው በኩል ተጽፎ ይገኛል። ለ700 ዋት በ2 ደቂቃው ፈንታ 3 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ማድረግ ይገባል። ብረትና ወርቃማ ቅብ ያለበት ሳህን ወደ ምድጃው መግባት የለበትም። የጋለ ስብ ከፈላ ውኃ ይልቅ ክፉኛ ያቃጥላልና ሳህኑን በደረቅ ጨርቅ ይዞ የሚያወጣው አዋቂ ይሁን። ልጆች ስኳሩን ቢነፉ፣ ወረቀቱን ቢያነጥፉ፣ በማግሥቱም ቁራጩን ቢደረድሩ ለእነርሱ በቂ የበዓል ሥራ ነው። በዋዜማው መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ጎድጓዳውን ሳህን ውኃ በሚፈላበት ድስት አፍ ላይ አስቀምጦ ቅቤውን ማቅለጥ ይቻላል፤ ቀሪው ሥራ ያው ነው።

ለጾም የሚሆነው

ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ በሚጾመው በነቢያት ጾም፣ እንዲሁም በዓሉ ካለፈ በኋላ በሚመጡት ረቡዕና ዓርብ፣ በገበታ ቅቤው ፈንታ ወተት ያልገባበት የአትክልት ማርጋሪን በተመሳሳይ ልክ መጠቀም ይቻላል። ማርጋሪን ሁሉ የጾም ነው ማለት ግን አይደለም። በአንዳንዱ የወተት ተዋጽኦ ስለሚገባ ጽሑፉን ማንበብ ያስፈልጋል። ይህኛው ጥቂት ላላ ያለ ይሆናል፤ ስለዚህ ከማቀዝቀዣ የሚወጣው ሊበላ ሲቀርብ ብቻ ነው። ሁለቱን ዓይነት የሚሠራ ቤት በየዕቃው ላይ ጽፎ ቢለይ ከመደናገር ይድናል።

የጾሙ አሠራር በተለይ በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይጠቅማል። በዚያ አገር ዲሴምበር 25 የገና በዓል ሲከበርና ጣፋጩ በየትምህርት ቤቱ ሲታደል የእኛ ልጆች ገና በጾም ላይ ናቸው፤ የእነርሱ በዓል ጃንዋሪ 7 ነው። እጁን ሰብስቦ ጓደኞቹን ለሚመለከት ልጅ እናቱ ከቤት ሠርታ የሰጠችው የጾም ቁራጭ ከጣፋጭነቱ በላይ ትርጉም አለው። ለጓደኞቹም ሊያካፍል ይችላል፤ ጾም ማለት ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁትም ይነግራቸዋል።

ከማቅረብ በፊት መጠየቅ

በበዓል ቀን ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። ለውዝ የማይስማማው ሰው ሊኖር ይችላል፤ ሰውነቱን የሚያሳክከው፣ ከንፈሩን የሚያሳብጠው፣ ከባሰም ትንፋሽ የሚያሳጥረው አለ። ይህ ዓይነቱ ምልክት ከታየ በቤት ውስጥ መድኃኒት ሳይፈልጉ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ትሪው ሲዞር «ለውዝ አለበት» ማለት ይገባል፤ ለጎረቤት ልጅም ከመስጠት በፊት ወላጁን መጠየቅ ደግነት ነው። የስኳር ሕመም ላለባቸው ወላጆችም ልኩን እንንገራቸው፦ በአንዱ ቁራጭ ውስጥ 7 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ለመሙላት ጥቂት የቀረው፣ አለ። ለሕፃናት የሚሰጠውም በትንሽ በትንሹ ተቆርጦ፣ ተቀምጠው ሲበሉ እየታዩ ይሁን።

እንግዲህ የገና ዋዜማ ምሽት ወጡ በምድጃው፣ ጣፋጩ በማቀዝቀዣው ሆኖ ሁለቱም ሳይቀመሱ ያድራሉ። ማይክሮዌቩ የምታተርፈውን ጊዜ ሰጥቷል፤ ለውዙን ለቅሞ፣ ልኩን መዝኖ፣ ምልክቱን አይቶ፣ እስኪረጋ ታግሦ የጠበቀው ግን የሰው እጅና ዓይን ነው። ከቅዳሴ መልስ ጾሙ ተፈትቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ትሪው ሲቀርብ የመጀመሪያውን ቁራጭ ሳትቀምስ ለሠራችው እናት መስጠት ተገቢ ይመስለናል።

ለውድ አንባብያን በሙሉ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ እንላለን።